«የት ተጎዳህ?» ወይስ «ምን ጎደለህ?»

በብሪታንያ አካላቸው ለተጎዳ ሰዎች የሚከፈለው የመንግሥት ድጎማ በእነማን ትግል እንደ ተገኘ

ሦስት ሰዎች አንድ ዐይነት ጉዳት ደርሶባቸው በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ተኝተዋል እንበል። ሦስቱም አከርካሪያቸው ተጎድቶ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። የመጀመሪያው በጦር ሜዳ የቆሰለ ወታደር ነው። ሁለተኛው በፋብሪካ ውስጥ ሸክም የወደቀበት ሠራተኛ ነው። ሦስተኛዋ ልጆቿን በማሳደግ ላይ ሳለች ከቤቷ ደረጃ የወደቀች የቤት እመቤት ናት። ሐኪሙ ሦስቱንም በአንድ ዐይን ያያቸዋል፤ የሚያዝላቸው መድኃኒትም ሆነ የሚሰጣቸው ተሽከርካሪ ወንበር አንድ ነው። ከሆስፒታል ወጥተው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት በሄዱ ጊዜ ግን ዕድላቸው ይለያያል። ወታደሩ የጦር ጉዳተኛ ጡረታ ይቆረጥለታል፤ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት አበል ይከፈለዋል፤ የቤት እመቤቲቱ ግን ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ይህ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን በብሪታንያ እስከ 1970 ድረስ የነበረው አሠራር በዚህ ምሳሌ ልክ የተቆረጠ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመንግሥት ጸሐፊ ጉዳተኛውን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ጎደለህ?» ብሎ ሳይሆን «የት ተጎዳህ?» ብሎ ነበር። የክፍያው መጠንም፣ ክፍያ መኖር አለመኖሩም በዚህ ጥያቄ መልስ ይወሰን ነበር። ጥያቄው ስለ ምን እንዲህ ሆነ? ማንስ ለወጠው? ከተለወጠ በኋላስ ነገሩ ተቃና ወይ? ይህን መመርመር ሕግ ለሚያስፈጽም አስተዳዳሪም፣ ግብር ለሚከፍል ነጋዴም ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ከምጽዋት ወደ መብት

የእንግሊዝ መንግሥት ለድኾች ርዳታ የሚሰጥበትን ሥርዐት በሕግ የደነገገው በ1601 በንግሥት ኤልሣቤጥ ቀዳማዊት ዘመን ነው። በዚያ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ አጥቢያ ከነዋሪዎቹ ግብር እየሰበሰበ ሽማግሌውን፣ ዐይነ ስውሩንና መሥራት የማይችለውን እንዲረዳ ታዘዘ። በ1834 ግን ሕጉ ተሻሽሎ እጅግ ከበደ። ርዳታ የሚፈልግ ሰው «የሥራ ቤት» ወደተባለ የድኾች መጠለያ እንዲገባ፣ በዚያም ውስጥ የሚኖረው ኑሮ ከቀን ሠራተኛ ሁሉ ዝቅተኛ ከሆነው ሠራተኛ ኑሮ እንኳ የከፋ እንዲሆን ተደረገ። የዚህም ዐሳብ ሰነፍን ከመጠለያው ለማራቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ መሥራት ያቃተው ከሰነፉ ጋራ በአንድ በር እንዲገባ ተፈረደበት።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሕጎች ጉዳተኛውን ከድኻው ለይተው አወጡት፤ ነገር ግን ሁሉንም ጉዳተኛ አልነበረም። በ1897 የወጣው ሕግ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሲጎዳ አሠሪው ካሣ እንዲከፍል አስገደደ። በ1911 የወጣው የብሔራዊ መድን ሕግ ደግሞ ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት በሚያዋጡት ገንዘብ የታመመ ሠራተኛ ለ26 ሳምንት አበል እንዲያገኝ፣ ሕመሙ ከዚያ ካለፈም በየሳምንቱ 5 ሽልንግ የአካል ጉዳት አበል እንዲከፈለው ፈቀደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቆሰለው ወታደር ቁጥር ሲበዛ በ1916 የጡረታ ሚኒስቴር ተቋቋመ። እነዚህ ሁሉ የተመሠረቱት በአንድ ዐሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም ለአገሩ የደማ ወይም ለፋብሪካው የደከመ ሰው ዋጋው ይከፈለው የሚል ነው። ዐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን ሳይደማና ሳይቀጠር የተጎዳው ሰው ከዚህ ሒሳብ ውጭ ቀረ።

ይህን በር መጀመሪያ ያንኳኩት ዐይነ ስውራን ናቸው። በ1899 በሠራተኛ ማኅበርነት የተመዘገበው የዐይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር አባሎች በአፕሪል ወር 1920 ከኒውፖርት፣ ከማንቸስተርና ከሊድስ ተነሥተው በሦስት ረድፍ ወደ ሎንዶን በእግራቸው ተጓዙ። ቁጥራቸው 250 ያህል ነበር። በያዙት ሰንደቅ ላይ የተጻፈው ቃል «ምጽዋት ሳይሆን ፍትሕ» የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ፓርላማው የዐይነ ስውራንን ሕግ አወጣ፤ በሕጉም መሠረት ዐይነ ስውር የሆነ ሰው እንደ ማንኛውም ሽማግሌ 70 ዓመት እስኪሞላው ሳይጠብቅ በ50 ዓመቱ ጡረታ እንዲያገኝ ተፈቀደለት። የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም፤ ነገር ግን ርዳታ ተቀባይ ራሱ ቆሞ ሲናገር መንግሥት እንደሚሰማ ታየ።

የመድኑ ሕግና ያልተዘጋው ቀዳዳ

በዲሴምበር 1942፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ሰር ዊልያም ቤቭሪጅ የተባሉት ሊቅ ስለ ማኅበራዊ መድን ያዘጋጁትን ዘገባ አወጡ። በዚህ ዘገባ ላይ የተመሠረቱት ሕጎች ከጁላይ 5 ቀን 1948 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋሉ። ከእንግዲህ የሥራ ላይ ጉዳት አበል የሚከፈለው ከአሠሪው ኪስ ሳይሆን ከአገሪቱ ሣጥን ሆነ። ምንም ለሌለውም ከሀብት ምርመራ በኋላ የሚሰጥ ብሔራዊ ርዳታ ተቋቋመ።

የጉዳቱ መጠን የሚለካበት መንገድም በዝርዝር ተጻፈ። ሁለት እጁን ያጣ 100 ከመቶ፣ አንድ ዐይኑን ያጣ 40 ከመቶ፣ የእጁን አውራ ጣት ያጣ 30 ከመቶ ተጎድቷል ተባለ። ይህ ሠንጠረዥ ለጸሐፊው ሥራ ያቃልላል፤ አድልዎንም ይከላከላል። ጉድለቱ ግን የሚመዝነው የጠፋውን አካል እንጂ የተረፈውን ኑሮ አለመሆኑ ነው። አውራ ጣቱን ያጣ አናጢና አውራ ጣቱን ያጣ የቃል መምህር በሠንጠረዡ ላይ እኩል ናቸው፤ በኑሮ ግን እኩል አይደሉም።

ከዚህ የባሰው ቀዳዳ ከሠንጠረዡ ውጭ የቀሩት ነበሩ። መድን ማለት ያዋጣ የሚወስድበት ነው። ከእናቱ ማኅፀን ጉዳት ይዞ የተወለደው ሰው በሥራ ላይ ውሎ አላዋጣም፤ ስለዚህ የሚወስደው የለም። ያገባችው ሴት ደግሞ በባሏ መዋጮ ተጠልላ የምትኖር ተደርጋ ተቈጠረች። በታመመች ጊዜ ባሏ ሥራ ያለው ከሆነ ብሔራዊ ርዳታም አይሰጣትም ነበር፤ የባሏ ደመወዝ የእሷም ነው ይባላልና። እንግዲህ ሚስት ስትወድቅ ባል የልጆች ሞግዚት፣ የቤት ሠራተኛና አስታማሚ መቅጠር ሊኖርበት ነው፤ ወይም ሥራውን ሊተው ነው። በሕግ ፊት ግን በዚያ ቤት ውስጥ ምንም አልጎደለም። የቤት እመቤት ሥራ ደመወዝ ስለሌለው፣ ሥራው መቋረጡም ዋጋ እንደሌለው ተቈጠረ።

የሁለት ሴቶች ደብዳቤ

በ1965 መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ያደረባቸው ሁለት የቤት እመቤቶች፣ ሜጋን ዱ ቧሶንና በሪት ሙር፣ ይህንኑ በደል የሚገልጽ ደብዳቤ ጋርዲያን በተባለው ጋዜጣ ላይ አወጡ። ከየቤቱ ብዙ መልስ መጣላቸው። ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ብቻ አለመሆኑ ስለ ታወቀ በዚያው ዓመት የአካል ጉዳተኞች የገቢ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ብዙ ነገር አልጠየቀም፤ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አካሉ የተጎዳ ሰው ሁሉ፣ ጉዳቱ በምንም ምክንያት ይምጣ፣ ያዋጣም ያላዋጣም፣ ባል ያላትም የሌላትም፣ በመብቱ ጡረታ ያግኝ የሚል ነው። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ የሚያስከትለው ልዩ ወጪ ከጡረታው ተለይቶ ይከፈል የሚል ነው።

የዚህ ማኅበር ጥበብ በጩኸት ሳይሆን በማስረጃ መሥራቱ ነው። መሪዎቹ እንደራሴዎችን እያነጋገሩ፣ የሕጉን ቃል ከእነ ቍጥሩ እየጠቀሱ፣ ለሚኒስትሮች የሚያቀርቡትን ማስታወሻ እንደ ጠበቃ እያዘጋጁ ተከራከሩ። ወይዘሮ ዱ ቧሶን ግን ውጤቱን ሳያዩ ቀሩ። በ1969 ወደ ማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ሲጓዙ በመኪና አደጋ ሞቱ። ሥራውን ሜሪ ግሪቭዝ ተረክበው ቀጠሉ።

መንግሥቱ በዚያን ጊዜ ለመመለስ ያስቸገረው አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር፤ እርሱም አካላቸው የተጎዳ ሰዎች ስንት ናቸው የሚለው ነው። የጦር ጉዳተኛው በጡረታ መዝገብ፣ የፋብሪካው ጉዳተኛ በመድን መዝገብ ሰፍሯል፤ በየቤቱ የተኛው ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። በመዝገብ ያልሰፈረ ሰው ደግሞ በበጀት አይሰፍርም። በመንግሥት ትእዛዝ የተካሄደው ጥናት በ1971 ታትሞ ሲወጣ ዕድሜያቸው 16 ዓመት የሞላና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ በየቤታቸው የሚኖሩ ጉዳተኞች ከ3 ሚሊዮን ጥቂት እንደሚበልጡ አስታወቀ። እያንዳንዱ በየቤቱ «ብቻዬን ነኝ» ሲል የኖረው ሁሉ አንድ ትልቅ ሕዝብ ሆኖ ተገኘ።

በዚሁ ጊዜ አልፍ ሞሪስ የተባሉ የማንቸስተር እንደራሴ፣ ከመንግሥት ሳይሆን ከአንድ እንደራሴ የሚቀርብ ረቂቅ ሕግ ለማቅረብ በሚጣለው ዕጣ የመጀመሪያው ዕጣ ደረሳቸው። አባታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጎድተው የተመለሱ ሰው ነበሩና በልጅነታቸው ነው የሞቱባቸው። ስለዚህ ሞሪስ ምን ዐይነት ሕግ እንደሚያቀርቡ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። በሜይ 1970 የጸናው ይህ ሕግ የየአውራጃው አስተዳደር በክልሉ ያሉትን ጉዳተኞች ቍጥር እንዲያውቅ፣ መብታቸውንም እንዲያስታውቃቸው፣ ለሕዝብ የሚሠሩ ሕንጻዎችም ለእነርሱ መግቢያ እንዲበጅላቸው ደነገገ። ሞሪስ በ1974 የአካል ጉዳተኞች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ በዓለም ላይ በዚህ ስም የተሾመ የመጀመሪያው ሚኒስትር እርሳቸው ናቸው።

የገንዘቡ ጥያቄ የተመለሰው በዲሴምበር 1971 መከፈል በጀመረው የአስታማሚ አበል ነው። በሳምንት 4 ፓውንድ ከ80 ሳንቲም የሆነው ይህ ክፍያ በመጠኑ ትንሽ፣ በዐሳቡ ግን ትልቅ ነበር። ተቀባዩን የት ተጎዳህ አላለውም፤ ስንት አዋጣህ አላለውም፤ ባልሽ ምን ያገኛል አላላትም። የጠየቀው ሌላ ሰው ሳይረዳህ መብላት፣ መልበስና መተኛት ትችላለህን ብሎ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተፈቀደው ቀንም ሌሊትም ርዳታ ለሚያሻው ብቻ ነበር፤ በ1973 ግን ቀን ብቻ ወይም ሌሊት ብቻ ርዳታ ለሚያሻው ሰውም በዝቅተኛ መጠን እንዲከፈል ተደረገ። እንዲህ ሆኖ ከሦስቱ በሽተኞች ሦስተኛዪቱ፣ የቤት እመቤቲቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ይዛ ወጣች።

ባለሦስት እግሯ መኪና

በ1975 የወጣው ሕግ ሦስት ዐይነት ክፍያ ጨመረ፤ መዋጮ ላልከፈሉ ጉዳተኞች የሚሰጥ ጡረታ፣ የመንቀሳቀሻ አበል፣ ሥራውን ትቶ ጉዳተኛ ለሚያስታምም ሰው የሚሰጥ አበል። ከእነዚህ ውስጥ የመንቀሳቀሻው አበል ታሪክ ለነጋዴ አንባቢ በተለይ የሚጥም ነው።

ከዚያ በፊት መንግሥት መራመድ ለማይችል ሰው የሚሰጠው ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ባለሦስት እግር ትንሽ መኪና ነበር። መኪናዋ የምትይዘው ነጂውን ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው መጫን በሕግ የተከለከለ ነበር። እንግዲህ እናት ልጇን፣ ባል ሚስቱን ይዞ መሄድ አይችልም። በነፋስ የምትናወጥ፣ በአደጋም የምትታማ መኪና ነበረች። መንዳት የማይችል ጉዳተኛ ደግሞ መኪናዋም ገንዘቡም አይሰጠውም ነበር። ከ1976 ጀምሮ መከፈል የጀመረው በሳምንት 5 ፓውንድ የሆነው አበል ይህን ለወጠ። መንግሥት ዕቃውን መርጦ መስጠቱን ትቶ ገንዘቡን ሰጠ፤ ተቀባዩም በታክሲም ሆነ በዘመድ መኪና፣ እንደሚስማማው ይጠቀምበት ጀመር።

በ1977 ደግሞ ሞታቢሊቲ የተባለው ድርጅት በባንኮች ድጋፍ ተቋቋመ። ዘዴው እንዲህ ነው። ጉዳተኛው በየጊዜው የሚደርሰውን የመንቀሳቀሻ አበል ለድርጅቱ ያስተላልፋል፤ ድርጅቱም አዲስ መኪና ያከራየዋል። አበሉ ከመንግሥት በቀጥታ የሚመጣ ስለሆነ ለአበዳሪው ጥሩ ዋስትና ነው፤ ድርጅቱ ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ስለሚገዛም ዋጋ ይቀነስለታል። በዚህ አኳኋን ብቻውን ከባንክ ደጃፍ የማያልፈው ጉዳተኛ ከሌሎች ጋራ ሲሆን ነጋዴ ሁሉ የሚሽቀዳደምለት ደንበኛ ሆነ። ድርጅቱ በጊዜ ብዛት በአገሪቱ ውስጥ ትልቁ የመኪና አከራይ ለመሆን በቅቷል። ሰማያዊዎቹ ባለሦስት እግር መኪናዎች ግን በ2003 ከጎዳና እንዲወገዱ ተደረገ።

ድስት ማጠብ ትችያለሽን?

ሕግ አንዱን በር ሲከፍት ሌላውን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ለወንዶችና ላላገቡ ሴቶች በ1975 የተፈቀደው መዋጮ የሌለው ጡረታ ላገቡ ሴቶች የተፈቀደው በ1977 ነበር፤ ያውም በልዩ ፈተና። ወንዱ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት እንደማይችል ካስረዳ ይበቃዋል። ያገባችው ሴት ግን ይህን ካስረዳች በኋላ የተለመደውን የቤት ሥራም መሥራት እንደማትችል ማስረዳት ነበረባት። ማብሰል ትችያለሽን፣ ማጽዳትስ፣ ገበያ መሄድስ እየተባለች ተመረመረች። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሦስት ጊዜ አርፋ አንድ ድስት የምታጥብ ሴት «ትችላለች» ልትባል ትችል ነበር። ብልኀተኛና ታታሪ መሆኗ ራሱ ማስረጃ ሆኖባት ገንዘቧን ያስቀርባት ጀመር።

ይህን የተቃወሙት ራሳቸው ሴቶቹና የጉዳተኞች ማኅበሮች ናቸው። ፈተናው በ1984 ተሻረ። በቦታው የመጣው የከባድ ጉዳት አበል ግን ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለተጎዱት ጉዳታቸው 80 ከመቶ መድረሱን እንዲያስረዱ ጠየቀ። ይኸውም የዱሮው የመቶኛ ሠንጠረዥ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

የአስታማሚው አበልም እንዲሁ ነበር። ሥራውን ትቶ አባቱን የሚያስታምም ወንድ ይከፈለዋል፤ ያገባች ሴት ግን «ድሮም ቤት ውስጥ ናት» ተብሎ አይከፈላትም ነበር። ወይዘሮ ዣክሊን ድሬክ እናታቸው እጅግ ስለ ታመሙ ሥራቸውን ትተው በቤታቸው ያስታምሟቸው ነበር። አበሉን ጠይቀው በተከለከሉ ጊዜ ክርክሩ በሉክሰምበርግ እስካለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁን 1986 ፍርድ ቤቱ ለወይዘሮ ድሬክ ፈረደ፤ መንግሥቱም ፍርዱ ሊነገር አንድ ቀን ሲቀረው አበሉን ላገቡ ሴቶች ሁሉ መፍቀዱን አስታውቆ ነበር።

በጉዳተኞች መካከል የተነሣው ክርክር

የገንዘቡን ጉዳይ ሁሉም ጉዳተኞች በአንድ ዐሳብ ያዩት አይምሰል። በሴፕቴምበር 1972 ፖል ሃንት የተባለ፣ በጉዳተኞች መኖሪያ ተቋም ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው፣ በዚያው በጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አወጣ። ከዚያ ደብዳቤ የተነሣው ማኅበር የገቢውን ትግል ከሥር ነቀፈው። ክርክራቸው በአጭሩ ሲነገር፣ ሰውን ከሥራና ከማኅበር ያገለለው የእግሩ አለመታዘዝ ሳይሆን የአውቶቡሱ ደረጃ፣ የፋብሪካው በርና የአሠሪው ዐሳብ ነው፤ ስለዚህ መንግሥት እነዚህን ሳያስተካክል ገንዘብ ብቻ ቢከፍል ጉዳተኛውን በቤቱ ዘግቶ መቀለብ ይሆናል የሚል ነው። ደግሞም ገንዘቡ የሚሰጠው በምርመራ ከሆነ ጉዳተኛው ዘወትር በመርማሪ ፊት ድካሙን ሲያሳይ ይኖራል አሉ።

በ1974 በፕሮፌሰር ፒተር ታውንሰንድ መሪነት ብዙ ማኅበሮችን ያስተባበረው የጉዳተኞች ኅብረት ደግሞ ገቢ ይቅደም አለ። ዛሬ የሚበላ የሌለው ሰው አውቶቡሱ እስኪሻሻል መቆየት አይችልም። ኖቬምበር 22 ቀን 1975 ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው በግልጽ ተከራከሩ፤ ክርክሩም በሚቀጥለው ዓመት ታትሞ ወጣ።

ጊዜው ሲያልፍ ሁለቱም ወገኖች እውነት እንደ ነበራቸው ታየ። በ1995 በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ማድረግን የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ1996 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የየአውራጃው አስተዳደር ረዳት ሠራተኛ መርጦ በመላክ ፈንታ ገንዘቡን ለጉዳተኛው በቀጥታ እንዲሰጥ ፈቀደ። ጉዳተኛው ረዳቱን ራሱ ይቀጥራል፤ ሰዓቱን ራሱ ይወስናል፤ ካልተስማማው ያሰናብታል። ተረጂ ሆኖ የኖረው ሰው አሠሪ ሆነ። ገንዘብና ነጻነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሳይሆኑ የአንድ ጥያቄ ሁለት ፊት መሆናቸውን ይህ አስረዳ።

የሒሳቡ ምስጢር

ለሀብታምም ለድኻም እኩል የሚከፈል ድጎማ ብዙ አስተዋይ ሰዎችን ያስገርማል። «ደመወዝ ላለው ሰው ስለ ምን ይሰጣል?» ይላሉ። መልሱ በነጋዴ ሒሳብ ቢታይ ግልጽ ነው። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ መሥሪያ ቤት እኩል ደመወዝ ያገኛሉ። አንደኛው በእግሩ ሥራ ይሄዳል፤ ሁለተኛው መራመድ ስለማይችል በየቀኑ ታክሲ ይከራያል። አንደኛው ልብሱን ራሱ ያጥባል፤ ሁለተኛው ለአጣቢ ይከፍላል። የሁለተኛው ቤት በክረምት ከቶ ሊቀዘቅዝ አይገባውም፤ ሳይንቀሳቀስ የሚውል ሰው ብርድ ይጎዳዋልና። በወር መጨረሻ ገቢያቸው እኩል፣ ትርፋቸው ግን የተለያየ ነው። በ1992 የተቋቋመው የጉዳተኛ መኖሪያ አበል ይህን ልዩነት ለመሙላት የታሰበ ነው፤ የአስታማሚውንና የመንቀሳቀሻውን አበል ለሠራተኛ ዕድሜ ሰዎችና ለልጆች አዋሕዶ፣ ለሠራም ላልሠራም፣ ግብር ሳይቆረጥበት የሚከፈል ሆነ።

የተቀባዩ ቍጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለ በዛ መንግሥቱ ወጪው ከበደኝ አለ። ይህም በቀላሉ የሚናቅ ምክንያት አይደለም፤ የሚከፈለው ገንዘብ የሕዝብ ነውና። ስለዚህ ከ2013 ጀምሮ በሠራተኛ ዕድሜ ላሉት አዲስ አበል መጣ። መርማሪው ለእያንዳንዱ ተግባር፣ ለማብሰል፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለመራመድ ነጥብ ይሰጣል፤ 8 ነጥብ ያገኘ መደበኛውን፣ 12 ነጥብ ያገኘ ከፍተኛውን ክፍያ ያገኛል። ቀድሞ በ50 ሜትር ይለካ የነበረው የመራመድ ችሎታ ለከፍተኛው ክፍያ ወደ 20 ሜትር ዝቅ አለ። ምርመራውም ለግል ኩባንያዎች በውል ተሰጠ።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ለጥቂት ደቂቃ ያየ መርማሪ ዓመት ሙሉ ስለሚኖር ሕመም ሲወስን ስሕተት መብዛቱ አይቀርም። በይግባኝ ሸንጎ ፊት ከቀረቡት አቤቱታዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለአመልካቾቹ መፈረዳቸው ለዚህ ምስክር ነው። ግማሹ ፍርድ የሚገለበጥበት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ቈጠበ ሊባል አይችልም፤ ወጪውን ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው፣ ይኸውም ከድጎማው ወደ ሸንጎው አዛወረው እንጂ። ይግባኝ ለማለት ዐቅም ያጠረው ሰው ዕዳ ግን በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።

ዛሬም ያልተዘጋ ጉዳይ

በማርች 2016 የዚህ አበል ቅነሳ በታቀደ ጊዜ ጉዳዩን የሚመሩት ሚኒስትር ኢየን ደንከን ስሚዝ ቅነሳውን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ዕቅዱም ቀረ። በ2025 ሌላው ፓርቲ ሥልጣን ይዞ ሳለ ተመሳሳይ ዕቅድ መጣ። በዕቅዱ መሠረት አንድ ሰው በልዩ ልዩ ተግባሮች ጥቂት ጥቂት ነጥብ አጠራቅሞ 8 ቢደርስም፣ በአንዱ ተግባር ብቻ 4 ነጥብ ካላገኘ የዕለት ኑሮ አበሉ ሊቀርበት ነበር። ከመንግሥቱ ፓርቲ ከ120 የሚበልጡ እንደራሴዎች ተቃወሙ። በጁላይ 1 ቀን፣ ክርክሩ በፓርላማ ውስጥ እየተካሄደ ሳለ፣ መንግሥቱ ይህን አንቀጽ አነሣ። መሥራት ለማይችሉ አዲስ አመልካቾች የሚከፈለው ሌላ ድጎማ ግን እንዲቀንስ ተወሰነ። የነጥቡም ነገር በሚኒስትር ስቲቨን ቲምስ ለሚመራ ጥናት ተላለፈ፤ በጥናቱም ጉዳተኞች ራሳቸው ተካፋይ እንዲሆኑ ቃል ተገባ።

ከ1965 እስከ 2025 ድረስ ስድሳ ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአበሎቹ ስም ደጋግሞ ተለወጠ፤ ነገሩ ግን ዘወትር በአንድ ጥያቄ ላይ ይሽከረከራል። መንግሥት ለተጎዳ ሰው ገንዘብ በሚሰጥበት ጊዜ አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፤ ያለ ጥያቄ የሚሰጥ ገንዘብ ለብልጣብልጥ ይደርሳልና። ይሁን እንጂ ጥያቄው ራሱ ሕግ ነው። «የት ተጎዳህ?» ሲል የቤት እመቤቲቱን ያስቀራል። «ስንት ከመቶ ተጎዳህ?» ሲል አናጢውንና መምህሩን አንድ ያደርጋል። «ድስት ማጠብ ትችያለሽን?» ሲል ታታሪዪቱን ይቀጣል። «ስንት ሜትር ትራመዳለህ?» ሲል ሃያ ሜትር ተራምዶ ቀኑን ሙሉ የሚተኛውን አያይም።

እነዚህን ጥያቄዎች ያዘጋጁት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ በጠረጴዛቸው ላይ በቅን ልብ የደከሙ ሹማምንት ናቸው። የጎደላቸው ነገር ጥያቄው ከመታተሙ በፊት የሚጠየቀውን ሰው ማማከር ነበር። የዐይነ ስውራኑ ጉዞ፣ የሁለቱ ሴቶች ደብዳቤ፣ የወይዘሮ ድሬክ ክስ፣ ሁሉም የመጡት ጥያቄው ከታተመ በኋላ ነው፤ በየአንዳንዱም መካከል ብዙ ሰው ባዶ እጁን ተመልሷል። አሁን የተጀመረው ጥናት ቃሉን ከጠበቀ ተጠያቂው ከጠያቂው ጋራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጥያቄውን አብሮ ይጽፋል። ሜጋን ዱ ቧሶንና በሪት ሙር ያንን ደብዳቤ በላኩበት ዕለት ሲለምኑት የነበረው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።